መጤ ተባይ ሥር ሳይሰድ፦ ከአገና ጀፎሮ የሚጀመር አሰሳ

የአሜሪካ መጤ ተምች ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩ መጀመሪያ የተረጋገጠው በየካቲት 2009 ዓ.ም በሸካ ዞን፣ የኪ ወረዳ ነው። ምዕራብ አፍሪካ መግባቱ ከተሰማ ገና ዓመት ቢሆነው ነው። የዚያው ዓመት ክረምት ሳይወጣ በቆሎ አምራች ከሆኑት አካባቢዎች አብዛኞቹ ጋ ደርሶ ነበር። ዛሬ «ከአገር እናስወጣው» የሚል የለም፤ ጉዳቱን ስለመቀነስ ብቻ ነው የሚወራው። ጣና ላይም እንዲሁ ሆኗል። እንቦጭ የተባለው የውሃ አረም በሐይቁ ላይ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ሕዝብ በዘመቻ እየወጣ ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ እንደነቀለው ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ዘመቻ በፊት ስላለው ሥራ ነው። የተጻፈው በእዣ ወረዳ አገና ዙሪያ ለሚሠራ የቀበሌ የልማት ሠራተኛ፣ የግብርና ክበብ ላለው መምህር፣ ጉብሬ ካለው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ለተግባር ልምምድ ለሚወጣ ተማሪ፣ እንዲሁም ደብተርና ስልክ ላለው አርሶ አደር ነው። ከእነዚህ አንዱ ከሆኑ ላብራቶሪም መኪናም ሳይኖርዎት የሚከተለውን መሥራት ይችላሉ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይያዙልኝ። የአሰሳ ዋናው ፍሬ «አገኘሁ» የሚለው አይደለም። «እዚህ ቦታ፣ በዚህ ቀን፣ ይህን ያህል ተክል አይቼ አላገኘሁም» የሚለው ነው። ይህ ሲጻፍ ስላልኖረ ነው አንድ ተባይ ሲገኝ መቼ እንደገባ፣ በየት እንደመጣና እስከየት እንደደረሰ የሚያውቅ የሚጠፋው።

ጥቂት ይምረጡ

ሁሉን ለማየት የወጣ ሰው ምንም ሳያይ ይመለሳል። በአንድ ዙር ከሦስት ወይም ከአራት በላይ ተባይ አይያዙ። የሚመርጡት ደግሞ ቦታው የሚያበቅለውን አይተው ነው። ከአገና ወደ ዘቢዳር ተራራ ግርጌ በሚወጣው ደጋ እንሰት፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ድንችና ባሕር ዛፍ ነው ያለው። ወደ ቆላው ሲወርዱ በቆሎ ይበዛል፣ በቡታጅራ በኩል ማረቆ ሲደርሱ ደግሞ በርበሬው አለ። የደጋ ሰው ስለ እንሰት አጠውልግ፣ ስለ ባቄላ ቆርምድና ስለ ስንዴ ዋግ ያስብ። የወይና ደጋው መጤ ተምችን፣ የቲማቲም ቅጠል ቦርቧሪውን ቱታ አብሶሉታንና የመንገድ ዳሩን አረም ፓርቲኒየምን ይያዝ።

«አጠውልግ እኮ መጤ አይደለም» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። የበሽታውን አምጪ ባክቴሪያ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1960 ዓ.ም ከኢትዮጵያ እንሰት ላይ ለይተው ለዓለም አሳውቀውታል። በኋላ ሙዝ ላይ ተገኘ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ኡጋንዳ ውስጥ በሙዝ እርሻ ላይ መታየቱ ተረጋገጠና ወደ ጎረቤት አገሮችም ተዛመተ። ለዓለም መጤ ሆኖ የሄደው ከእኛ ነው። ይሁን እንጂ አጠውልግ ገብቶበት ለማያውቅ ጓሮ በሽታው መጤ ነው። የአሰሳዎ ሜዳ አንድ ቀበሌ ከሆነ «መጤ» ማለት ለዚያ ቀበሌ አዲስ የሆነ ማለት ነው።

ለመረጡት ለእያንዳንዱ ተባይ አንድ አንድ ገጽ ይመድቡ። የሚያጠቃው ተክል ምንድን ነው፣ ምልክቱ ምንድን ነው፣ ከምን ጋር ይምታታል፤ ይኸው ነው የሚጻፈው። ሦስተኛው ጥያቄ ከሁለቱ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ብዙ የሐሰት ደወል የሚደወለው የሚመሳሰሉትን ባለመለየት ነው።

በየት ይገባል?

ተባይ በራሱ ክንፍ የሚመጣው የተወሰነው ነው። የቀረው በሰው እጅ፣ በመኪናና በችግኝ ይመጣል። ስለዚህ ካርታ ይሥሩ፤ በእጅ የተሣለ ይበቃል። በካርታው ላይ ምልክት የሚደረግባቸው የአገና ገበያ፣ መናኸሪያው፣ የመንግሥትም የግለሰብም ችግኝ ጣቢያዎች፣ የባሕር ዛፍ እንጨት የሚጫንባቸው ቦታዎች፣ ዘር የሚከፋፈልባቸው መጋዘኖች፣ በእርዳታ ወይም በፕሮጀክት አዲስ ዝርያ የተተከለባቸው ማሳዎችና ትምህርት ቤቶች ናቸው። በርበሬ ሊጭን የወረደ መኪና ባዶውን አይመለስም፤ ጆንያውን፣ ሣጥኑንና በጎማው ላይ የተለጠፈውን ጭቃ ይዞ ይመጣል።

ፓርቲኒየም ወደ አገራችን በእርዳታ እህል ውስጥ ተደባልቆ እንደገባ በሰፊው ይታመናል። ከዚያ ወዲያ የተስፋፋው መንገድ መንገዱን ነው። አንዱ ተክል በሺዎች የሚቆጠር ዘር ይሰጣል፣ በበቀለ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ያብባል። ስለዚህ በመናኸሪያ አጥርና በመንገድ ቦይ ላይ ጥልቅ ጥልቅ እየሆነ የተቆራረጠ ቅጠል ያለው፣ ጫፉ ላይ ትንንሽ ነጭ አበባ የያዘ አረም ካዩ ጓንት ሳያደርጉ አይንኩት፤ ቆዳን ያሳክካል፣ አንዳንዱን ሰው ያስነጥሳል፣ ያሳምመዋልም።

በጉራጌ ምድር ደግሞ ሌላም መግቢያ አለ፦ መስቀል። አዲስ አበባና ሌላም ከተማ ያለው ሁሉ ወደ አገሩ ይገባል። ክትፎው በቆጮ ስለሚበላ ከበዓሉ በፊት በየጓሮው እንሰት ይቆረጣል፣ ይፋቃል። ቢላዋው ከጎረቤት ጎረቤት ይዞራል፣ ለመፋቅ የሚሰበሰቡት ሴቶችም ከጓሮ ወደ ጓሮ ይሄዳሉ። አጠውልግ በቢላዋ ስለሚተላለፍ የዚህ ወቅት ጦስ የሚታየው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። ለእንሰት ሁለት ዙር ያድርጉ፤ አንዱን ነሐሴ ላይ ቢላዋው ሳይበዛ፣ ሌላውን ኅዳር ላይ።

ለሌሎቹ ወቅቱ ይለያያል። በቆሎ በበቀለ በሁለት ሳምንቱ ተጀምሮ እስኪያፈራ በየሳምንቱ ይታያል። ባቄላ ክረምቱ ሲጠና፣ ስንዴ ደግሞ ከመስከረም እስከ ጥቅምት። ፓርቲኒየም ዝናብ በጣለ በወሩ፣ ሳያብብ። ቲማቲምና ድንች በመስኖ ከሆነ በበጋም።

በቦርሳ ውስጥ

እርሳስ ይያዙ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአገና ዝናብ ይታጠባል። ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ አነስተኛ ማጉያ መነጽር፣ ቢላዋ፣ ጓንት፣ የወረቀት ከረጢትና ፖስታ፣ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ አልኮል የያዘ ጠባብ ብልቃጥ፣ በረኪናና የጫማ መቦረሻ ያስፈልጋል። ቅጠል በፌስታል አይያዙ፤ ያልበዋል፣ ላብራቶሪ ሳይደርስም ይበሰብሳል። ትል በአልኮል ውስጥ ይቀመጣል። አረቄ ይተካዋል ብሎ የሚከራከር አይጠፋም፤ አረቄው ግን ለትሉ ቀጭን ነው፣ ብልቃጡም መንገድ ላይ እንደሞላ መቆየቱን እጠራጠራለሁ።

በረኪናው የቢላዋ ነው። አንድ እጅ በረኪና ከአምስት እጅ ውሃ ጋር ቀላቅለው ከአንዱ ጓሮ ወጥተው ሌላው ከመግባትዎ በፊት ቢላዋዎንና የጫማዎን ሶል ይጠቡበት። በረኪና ካጡ ቢላዋውን ለእጅ እስኪያቃጥል በእሳት ይለብልቡት። ይህን ቸል ያለ አሳሽ ራሱ በሽታ አዟሪ ነው። መንግሥት የላከው መሆኑ ባክቴሪያውን አያግደውም።

የትኛው ቤት?

እዚህ ላይ ነው ብዙ አሰሳ የሚበላሸው። የልማት ሠራተኛ ልማድ ይታወቃል፦ መኪና መንገድ ዳር ያለው ሞዴል አርሶ አደር ጋ ይኬዳል፣ ቡና ይጠጣል፣ ማሳው ይታያል፣ «ቀበሌው ደኅና ነው» ተብሎ ይጻፋል። ሞዴል አርሶ አደር ማሳው ንጹሕ ስለሆነ ነው ሞዴል የተባለው። ተባይ ደግሞ በአቅመ ደካማዋ አዛውንት ጓሮ፣ ልጆቹ ከተማ ገብተው ሰው ባጣ ማሳ ውስጥ ነው ተመችቶት የሚቀመጠው።

የጉራጌ መንደር አሠራር ለዚህ መድኃኒት አለው። ጀፎሮ የሚባለው የመንደሩ ሰፊ መንገድ ሣር ለብሶ በመሃል ተዘርግቷል፣ ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ተደርድረዋል፣ ከየቤቱ ጀርባ የእንሰት ጓሮ አለ። ይህ የተዘጋጀ የአሰሳ መስመር ነው። ጀፎሮው 40 ቤት ቢኖረው ከመጀመሪያዎቹ አራት ቤቶች አንዱን በዕጣ ያውጡ፤ ከዚያ በየአራተኛው ቤት ይግቡ። አሥር ቤት ይሆናል። ዕጣው ያወጣው ቤት ሰው ከሌለ ሌላ ቀን ይመለሱበት እንጂ ወዳጅዎ ቤት አይግቡ። ከዕጣው ውጪ ደግሞ በካርታው ላይ የሰፈሩት የመግቢያ ቦታዎች አጠገብ ያሉት ጓሮዎች ሁልጊዜ ይታያሉ፤ እነዚህ በዕጣ አይወጡም፣ አይቀሩምም። ሁለቱን በደብተሩ ላይ ለየብቻ ይጻፉ።

እንሰት ጓሮ ውስጥ

ቀጥታ ጓሮ አይግቡ። ከባለቤቷ ይጀምሩ፤ እንሰቱን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት፣ የምትፈቅደውም እሷ ናት።

«ደኅና አደሩ እማማ? ከግብርና ነው የመጣሁት። እንሰትዎን ልይ ብዬ ነው።»

«ለግብር ነው? መሬት ልትለኩ?»

«አይደለም። በሽታ እንዳለ ላይ ነው። የሚጻፈው የእንሰቱ ጤንነት ነው፤ ደብተሩን ይዩት።»

ደብተሩን በእርግጥ ያሳዩ። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ፦ ዘንድሮ ወይም አምና የጠወለገ እንሰት ነበረ? ችግኙ ከየት መጣ? ቢላዋ ማን ተዋሰ? ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ያወጣል። «የባለቤቴ እህት ከጉመር አመጣችልኝ» የሚል አንድ ቃል ካገኙ የሚቀጥለው አሰሳዎ ወዴት እንደሚሄድ ታወቀ። የዝርያውንም ስም ይጠይቁና ይጻፉ። እማማ አስታራ የተባለውን ዝርያ ከሌላው በሩቅ ይለዩታል፤ ዝርያዎች በሽታውን በመቋቋም ስለሚለያዩ ስሙ ዋጋ አለው። ወላይታ ውስጥ ማዚያ የተባለው ዝርያ አጠውልግን በመቋቋም የታወቀው እንዲህ ገበሬዎቹ ሲያስተውሉት በመኖራቸው ነው።

ጓሮ ሲገቡ ከጤነኛው ወደ ታመመው ይሂዱ እንጂ በተቃራኒው አይሁን። ዓይንዎን ወደ መሃል ቅጠል ያድርጉ። አጠውልግ የያዘው እንሰት መጀመሪያ የመሃል ቅጠሉ ጫፍ ይወይባል፣ ይጠወልጋል፣ ከዚያ ከአንገቱ ይታጠፋል። ድርቅ የመታው እንሰት ከውጪ ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ናቸው ቀድመው የሚደርቁት። ፍልፈል የበላው ደግሞ ያጋድላል፣ አሚቾው ተቦርቡሮ ይገኛል፤ ገፋ ሲያደርጉት ይነቃነቃል። የቀጨጨና ሲስቡት በቀላሉ የሚነቀል ሆኖ፣ ሥሩ ላይ ነጭ ሰም የለበሱ ትንንሽ ነፍሳት ከጉንዳን ጋር ካዩ የእንሰት ሥር ተባይ ነው፤ በአማሮ፣ በጌዴኦና በሲዳማ በደንብ የታወቀ፣ ከችግኝ ጋር የሚጓዝ ነገር ስለሆነ ከአገና ጓሮ ቢያገኙት ሳያድሩ ያሳውቁ።

የተጠራጠሩትን እንሰት የቅጠል አገዳ በጸዳ ቢላዋ በአግድም ይቁረጡና ይቁሙ። አይቸኩሉ። ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ከተቆረጠው ገጽ ላይ ቢጫ ወይም ወተት ያዘለ ቢጫ፣ እንደ ሙጫ የሚሳብ ፈሳሽ ጠብታ ጠብታ እየሆነ ይወጣል። ጣትዎን በጓንት ነክተው ሲለዩት ክር ይሠራል። ይህን ካዩ ጥርጣሬው ከባድ ነው። ንጹሕ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ብቻ ከወጣ አጠውልግ ነው አይበሉ። በሁለቱም ሁኔታ ሦስት ፎቶ ያንሡ፦ አንድ ከሩቅ ተክሉ በሙሉ የሚታይበት፣ አንድ የታመመው ክፍል፣ አንድ ደግሞ የአንድ ብር ሳንቲም አጠገቡ አስቀምጠው በቅርብ።

የቆረጡትን ቁራጭ ከብት እንዳይበላው፣ ወደ ጀፎሮም እንዳይጣል ያድርጉ። የታመመ ቅጠል የበላ ከብት፣ ጃርትና ፍልፈል በሽታውን ያዛምታሉ ተብሎ ይታመናል። ባለቤቷ ተክሉን ለማስወገድ ከፈለገች ከነአሚቾው ተነቅሎ እዚያው ጓሮ ውስጥ ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር፣ ያ ቦታ ለጊዜው እንሰት አይተከልበት። አንድ ጓሮ ውስጥ ያለው እንሰት መቶ ወይም ሁለት መቶ ቢሆን ሁሉንም ማየት ይቻላል፤ ናሙና አያስፈልግም።

በቆሎ ማሳ ውስጥ

በቆሎ ላይ ግን ሁሉን ማየት አይቻልም። ስንት ተክል ማየት እንደሚበቃ ቀላል ስሌት አለ፦ ሦስትን ለሚፈሩት የጉዳት መጠን ያካፍሉ። ተባዩ ከመቶ በአምስቱ ተክል ላይ ካለ 60 ተክል በዘፈቀደ ቢያዩ ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድልዎ 95 በመቶ ገደማ ነው። ከመቶ በአንዱ ብቻ ካለ 300 ተክል ማየት አለብዎ። ስለዚህ «60 አይቼ አላገኘሁም» ማለት «ከመቶ አምስት በላይ አይሆንም» ማለት እንጂ «ማሳው ንጹሕ ነው» ማለት አይደለም። ይህንን ልዩነት ያልያዘ ሪፖርት ሰውን ያሳስታል።

ማሳውን ሲያቋርጡ የ«ደብልዩ» ፊደል ቅርጽ እየሠሩ ይሂዱ፤ አምስት ቦታ ይቁሙ፣ በየቦታው 12 ተክል ይዩ፤ 60 ይሞላል። መጤ ተምችን ለመቁጠር ከሆነ ከዳር ጥቂት ሜትር ገብተው ይጀምሩ። አዲስ ነገር ለመፈለግ ከሆነ ግን ወደ መንገድ፣ ወደ መጋዘንና ወደ መብራት የሚያይ ጠርዝም ይጨመር፤ የእሳት ራቶች ብርሃን ይወዳሉ።

የበቆሎውን ልብ ይክፈቱና ይዩ። ትል የበላበት ቅጠል መጀመሪያ እንደ መስኮት ነጭ ሆኖ የሳሳ ቦታ ያሳያል፣ ትሉ ሲያድግ ይቀዳደዳል፣ በልቡ ውስጥም እርጥብ የመጋዝ ብናኝ የሚመስል ኩሱ ይከማቻል። ትሉን አውጥተው በማጉያ መነጽር ይዩት። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የ«ዋይ» ፊደል ካለና ከጭራው በላይ አራት ጥቁር ነጥብ አራት ማዕዘን ሠርተው ከተቀመጡ መጤ ተምች ነው። የኛው ነባሩ ተምች ግን በመንጋ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ሣሩን ጠርጎ እያጨደ ይሄዳል። አገዳ ቆርቁር ደግሞ በቅጠል ላይ በረድፍ የተደረደሩ ቀዳዳዎች ያወጣል፣ አገዳው ውስጥ ነው የሚገኘው። የእሳት ራቱን የሚያጠምድ ወጥመድ ካለ ከተክሉ አናት ትንሽ ከፍ አድርገው ይስቀሉት። የገባውን በየሳምንቱ ይቁጠሩ፤ ዜሮም ከሆነ ዜሮ ብለው ይጻፉ። ማማለያው ጠረን እንደየዓይነቱ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይደክማል፤ ሳይለወጥ የቆየ ወጥመድ የሚያሳየው ዜሮ እምነት የሚጣልበት አይደለም።

ቶሎ የሚታዩት

በድንችና በቲማቲም ላይ ቱታን የሚፈልግ ሰው ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አድርጎ ይመልከት። ሰፋ ያለ፣ ውስጡ ጥቁር ኩስ የሚታይበት የሳሳ ቦታ ከሆነ ቱታ ይጠረጠራል። ቀጭን ጠመዝማዛ መስመር ከሆነ ነባሩ ቅጠል ቦርቧሪ ዝንብ ሊሆን ይችላል። ቱታ ደቡብ አሜሪካን ለቆ ስፔን የደረሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ሲሆን፣ ከዚያ በስድስት ዓመት ገደማ ኢትዮጵያ ገብቷል።

ባቄላ ላይ ቆርምድ የሚፈለገው ቅጠሉ ጠርዝ እየታጠፈ አረንጓዴ እብጠት ሲሠራ ነው፤ በሰሜን ሸዋ ደጋ ከ2003 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ ብዙ ማሳ ያበላሸ በሽታ ነው። ባሕር ዛፍ ላይ የወጣቱን ችግኝ የቅጠል ጅማትና እግር ይዳስሱ። ተከታታይ ጉብጉብ ያለ እብጠት ካለ የአውስትራሊያዋ ተርብ ትጠረጠራለች። በቀዩ ባሕር ዛፍ ላይ ትበረታለች፣ የምትመጣውም ከችግኝ ጣቢያ ነው፤ ስለዚህ እዚያው ችግኝ ጣቢያ ላይ ቢገኝ ነው የሚሻለው።

ስንዴ ላይ ቢጫ ዋግ በቅጠሉ ርዝመት መስመር መስመር የሠራ ቢጫ ዱቄት ነው፤ ግንድ ዋግ ደግሞ አገዳው ላይ ቆዳውን ሰንጥቆ የሚወጣ፣ የጡብ ቀለም ያለው። በነጭ ጨርቅ ቢያሹት ቀለሙ ይለቃል። በ2003 ዓ.ም መግቢያ ቢጫ ዋግ ያደረሰው ጉዳት፣ በ2006 ዓ.ም ደግሞ ግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ዲገሉ በተባለው ዝርያ ላይ ያደረሰው ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ከዓለም አቀፉ የበቆሎና ስንዴ ምርምር ማዕከል (ሲሚት) እና ከእንግሊዝ አጋሮቹ ጋር ሆኖ የማሳ አሰሳውን ከነፋስና ከአየር ትንበያ ጋር እያገናኘ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ ሥርዓት ዘርግቷል። ያ ሥርዓት የሚበላው ምግብ እርስዎ የሚጽፉት መረጃ ነው፤ «ዋግ የለም» የሚለው መረጃ ጭምር። ዋግ ካለበት ማሳ ከወጡ ዱቄቱ ልብስዎ ላይ አለ፤ ሳይቀይሩ ሌላ ስንዴ ውስጥ አይግቡ።

ሲጻፍ

እያንዳንዱ መስመር ቀን፣ ቀበሌና ጎጥ፣ የባለቤቱን ሳይሆን የቤቱን ቁጥር፣ የስልኩን ጂፒኤስ ንባብ፣ ሰብሉንና ዕድሜውን፣ ዝርያውን፣ የታየውን ተክል ብዛት፣ ምልክት ያሳየውን ብዛት እና ያየውን ሰው ስም ይይዛል። «በርካታ»፣ «ጥቂት»፣ «አልፎ አልፎ» የሚሉ ቃላት አይጻፉ። «0 ከ60»፣ «4 ከ135» ይጻፋል። «ዜሮ መጻፍ ያሳፍራል፣ ያልሠራሁ ይመስላል» የሚሉ ባልደረቦች ሰምቻለሁ። አለቃው «ምን አገኘህ?» ብቻ ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ እፍረቱ ይገባኛል። ስለዚህ የወረዳ አስተባባሪ ከሆኑ ጥያቄውን ይቀይሩት፦ «ስንት ቤት ገባህ? ስንት ተክል አየህ?»

የተጠረጠረ ነገር ሲገኝ

ናሙናውን በኪስዎ ይዘው ወደ ገበያ አይሂዱ፤ «ጉድ ተገኘ» ብለውም በቡና ላይ አያውሩ። ወሬው ከተባዩ ፈጥኖ ይዛመታል፣ ሰውም የማይረዳውን ኬሚካል ገዝቶ ይረጫል። ቦታውን በጨርቅ ያመልክቱ፣ ፎቶውን በዚያው ቀን ለቀበሌው የልማት ሠራተኛና ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ ይላኩ። ስልክ የማያነሡ ከሆነ በ8028 የአርሶ አደሮች መስመር ይደውሉ። ከወረዳው ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልሉ ግብርና ቢሮ ይሄዳል። አገር ውስጥ ያልነበረ ተባይ ከሆነ ማረጋገጫው የሚሰጠው በላብራቶሪ ነው፤ አምቦ ያለው ምርምር ማዕከል በዕፅዋት ጥበቃ ከቆዩት አንዱ ነው። የማወጅ ሥልጣን ያለው ግን የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን እንጂ እርስዎ አይደሉም። እስኪታወጅ «ተጠርጥሯል» ነው የሚባለው።

መልሱ እስኪመጣ እጅዎን አጣጥፈው አይቀመጡ። አሁን ሌላ ዓይነት አሰሳ ይጀመራል፦ ወሰን ማስመር። ከተገኘበት ቤት ተነሥተው በጀፎሮው ወደ ሁለቱም አቅጣጫ፣ በተሻጋሪው መንገድም እንዲሁ ይሂዱ፤ እዚህ ላይ ዕጣ የለም፣ እያንዳንዱ ቤት ይታያል። ከመጨረሻው ምልክት በኋላ ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ንጹሕ ጓሮ እስኪያገኙ አያቁሙ። ችግኙ የመጣበትን ቤት፣ ቢላዋው የሄደበትን ቤት ደግሞ ርቀት ሳይመለከቱ ይጨምሩ። እዚያ ላይ የቀድሞው የዜሮ መስመሮችዎ ይነበባሉ፤ ነሐሴ ላይ 0 ከ140 ብለው የጻፉት ጓሮ ኅዳር ላይ 3 ካሳየ፣ የገባው መስቀልን ባካተቱት፣ በዚያ መሃል ባሉት ሦስት ወራት ሳይሆን አይቀርም።

የላብራቶሪው መልስ ሲደርስ፣ «አይደለም» ቢልም እንኳ፣ መጀመሪያ የሚነገራት ጓሮዋን የከፈተችው ባለቤት ናት። ሄደው ይንገሯት፣ የሚቀጥለውንም ዙር ቀን እዚያው ይቁረጡ።